መርዶ ያልሰማ ጡት

ከወለድኩ ወዲህ ልብሴ ወተት ወተት ይሸታል። ሽታው ልጅ ሳለሁ መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል።

አክስቴ ለተይ በአራስነቷ ልጇ ሞተባት፤ ወተቷ ግን አልቆመም። አንድ ቀን የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ስትሰማ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ራሰ። ብድግ ብላ ወጣች። እናቴ ልትይዛት ስትሮጥ አያቴ፣ “ተዪያት፣ ለጡቷ ማን መርዶ ይንገረው?” አሉ።

ተከትያት ሄድኩ። ሕፃኑን ታቅፋ እያጠባች በሟች ልጇ ስም ትጠራዋለች። እናቱ አጠገቧ ቆማ ታለቅሳለች እንጂ አልቀማቻትም።

ለተይ ከዚያ በኋላ አልወለደችም። ትናንት አራስ ልትጠይቀኝ መጣች። ልጄን ሳቀብላት፣ “አይ ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺው ያዢው” ብላ በሩ ጋ ተቀመጠች። እስኪተኛ ድረስ ቀና ብላ አላየችውም።