አራት ደቂቃ ሐሙሲት ላይ

ሥራዬ ብር በሚያመላልስ ብረት ለበስ መኪና ላይ ነው። ከደብረ ታቦር ተነስተን፣ ወረታን አልፈን፣ ለሐሙሲትና ለአንበሳሜ የባንክ ቅርንጫፎች የታሸገ ከረጢት እናደርሳለን። ሹፌሩ ከመሪው አይነሳም፤ ቤትህ ተቃጠለ ቢሉት እንኳ የሚነሳ አይመስለኝም። ታጣቂው ግራ ቀኙን ያያል። ከረጢቱን የሚሸከሙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ስካነሩን እይዛለሁ።

ስካነሩ ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ፣ በገመድ አንገቴ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ነው። በከረጢቱ ማሸጊያ ላይ ያለውን ባርኮድ ከመኪናው ሲወርድ አንዴ፣ ቅርንጫፉ ውስጥ ሲገባ አንዴ አስነብበዋለሁ፤ ሁለቴ ጢጥ ይላል። በሁለቱ መካከል የተፈቀደው ሁለት ደቂቃ ነው። ካለፈ ስክሪኑ ይቀላና ምክንያት ይጠይቃል። ምክንያቶቹ ተጽፈው የተቀመጡ ናቸው፤ የእኔ ፋንታ አንዱን መንካት ብቻ ነው። ዝናብ ይላል፣ የቅርንጫፉ በር ተዘግቶ ይላል፣ ከሁሉም ታች ደግሞ ሠራተኛ ኃላፊነቱን ጥሎ ይላል። እኛ ሁልጊዜ የምንነካው በሩን ነበር። ታጣቂው ሲጋራ ሲገዛም በሩ ተዘግቶ ነበር፣ የእኔ ጫማ ጭቃ ውስጥ ሲቀርም በሩ ተዘግቶ ነበር። የሐሙሲት ቅርንጫፍ በር በእኛ መዝገብ ተከፍቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሽማግሌውን አልወዳቸውም ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ፣ ዝናብ ያራሰውን ባርኮድ ስካነሩ አላነብ ብሎኝ ስታገል፣ በቅርንጫፉ ሠራተኞች ፊት፣ የአረብ ቤት ስትጠርግ የኖረች እጅ መጥረጊያ እንጂ ማሽን አይስማማትም አሉ። ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና ወዲያው ረሱት፤ በማግስቱ ከቤታቸው ያመጡትን ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ። ቆሎውን በላሁ፤ ነገሩን ግን ያዝኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አረብ አገር ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። እመቤቴ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ሰዓቷን ይዛ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ስለዚህ የተቆጠረ ደቂቃ ሰውን ምን እንደሚያደርገው አላውቅም ነበር ብዬ መዋሸት አልችልም።

የገበያ ቀን ነበር። መኪናችን የሐሙሲት ቅርንጫፍ ደጃፍ ቆመ፣ ከረጢቱን አስነበብኩ፣ ጢጥ አለ፣ ሽማግሌው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። እስከ በሩ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ከአጥሩ ጥግ ጥቁር የለበሰች፣ ነጠላዋን የዘቀዘቀች ሴት ቆማለች። የሽማግሌው የክርስትና ልጅ እናት ናት። ልጁ ከሞተ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በቀብሩ ዕለት ሽማግሌው ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለው ከእኛ ጋር አንበሳሜ ነበሩ።

እኛ አገር የክርስትና አባት ከቀብር ቀርቶ የልጁን እናት መንገድ ላይ ቢያገኛት፣ ትከሻው ላይ ዕቃ እንደያዘ አንገቱን ነቅንቆ አያልፋትም። ከረጢቱን አውርደው በእግሮቻቸው መሀል አቆሙት፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እጆቿን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሴትዮዋ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እሳቸውም አለቀሱ፤ ከረጢቱ ግን ከእግራቸው መሀል ንቅንቅ አላለም። ታጣቂው ከጎናቸው ቆሞ መንገዱን ይጠብቅ ነበር። ጋሼ፣ ይበቃል እንግባ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። አላልኩም። ሰኮንዱ ሲሮጥ እያየሁ ቆምኩ፤ ደስ እያለኝ ነበር።

አራት ደቂቃ። ውስጥ ገብተን ሁለተኛው ጢጥ ሲል ስክሪኑ ቀላ። ሽማግሌው ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ፣ "እንደለመድነው በሩን ንኪልኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ጣቴ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ወደ ታች አወረድኩትና ኃላፊነቱን ጥሎ የሚለውን ነካሁ።

አለቃችን ጠርቶ ሲጠይቃቸው ምንም አልካዱም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ማሽኑ ያለው ልክ ነው ወይ አለኝ። ያኔም መንገድ ነበረኝ፤ ከረጢቱ ከእግራቸው አልራቀም ብል ነገሩ በተግሣጽ ያልፍ ነበር። ማሽኑ ያለው ነው አልኩ።

"ለሞተ ልጅ አራት ደቂቃ በዛ?" አሉ ሽማግሌው።

የጠየቁት አለቃውን ይሁን እኔን አላወቅሁም። በዚያው ሳምንት ተሰናበቱ። መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው ጨርሰው ስለነበር ከደመወዛቸው በቀር የራሳቸው የሚሉት አልነበራቸውም። ከእኛ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ልጃቸው ቤት ገቡ። ምራታቸው ምግብ ስታቀርብላቸው ፊቷን እንደምታጠቁር ታጣቂው ነገረኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

በሚቀጥለው ገበያ ያቺ ሴት ከአጥሩ ጥግ ጠበቀችን። እንቁላል በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። የት ሄዱ አለችኝ። ወደ ሌላ መስመር ተዛውረዋል አልኳት። እንግዲያው አንቺ አድርሽልኝ ብላ እንቁላሉን ሰጠችኝ። ቤቴ ወስጄ ጠበስኩና በላሁት።

በዓመቱ አባቴ ሞተ። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተጣለ፤ በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው መጡ። ከጋፋት በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ከስተዋል። ሰው ተነስቶላቸው አጠገቤ ተቀመጡ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ንፍሮ ቀምሶ፣ የሟቹን ደግነት አንስቶ ነው የሚሄደው፤ በእሳቸው ዕድሜ ያለማ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ይቅር ሊሉኝ የመጡ መሰለኝና ለአባቴ እንኳ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

"እግዜር ያጥናሽ" አሉኝ። ንፍሮ ሲቀርብላቸው በእጃቸው መለሱት። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰዓታቸውን አዩ።

"አራት ደቂቃዬ ሞላ፤ ልነሳ።"

ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። አክስቴ ምን ነካቸው ስትለኝ፣ ሥራ አለባቸው አልኳት። ሥራ እንደሌላቸው ከእኔ በላይ የሚያውቅ እዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም።

ሲቀመጡ ስልኬን አይቼ ነበር፤ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ። ሲወጡም አየሁ። የተቀመጡት ሦስት ደቂቃ ነው። የቀረችዋን አንድ ደቂቃ ለመለመን ጋፋት ድረስ መሄድ ነበረብኝ፤ በእግር አንድ ሰዓት አይፈጅም። አልሄድኩም።