ለውሻ የሸጥሁት ዱቄት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ለሚስቴ አልነገርኋትም። ለንስሐ አባቴ ግማሹን ነግሬ ግማሹን ውጬዋለሁ፤ ዋናው ደግሞ የዋጥሁት ነው። አሁን የምጽፈው ኅሊናዬ ወቅሶኝ፣ እንቅልፍ አጥቼ ምናምን እንዳይመስላችሁ። እንቅልፌን ለጥ ብዬ እተኛለሁ። የምጽፈው ሰው ሁሉ «ዶክተር» እያለ ሲያከብረኝ መስማት ስለ ሰለቸኝ ነው።

ዶክተር አይደለሁም። የእንስሳት ጤና ጥቂት ተምሬ ወረታ ላይ የከብት መድኃኒት መሸጫ የከፈትሁ ሰው ነኝ። የፎገራ ገበሬ ግን ላሙን ያዳነለትን ሁሉ ዶክተር ይላል፤ እኔም አንድ ቀን «ኧረ አይደለሁም» ብዬ አላውቅም። ለምን ብዬ? ደስ ይለኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ዕቃ የሚያመጣልኝ ነጋዴ የውሻ ዱቄት ጨምሮ ላከልኝ። ቆርቆሮው ላይ ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ የፈረንጅ ውሻ ፎቶ አለ። ቪታሚን አለው፣ ካልሲየም አለው፣ ለአጥንት ነው፣ ለፀጉር ነው፣ ለጉልበት ነው ይላል ጽሑፉ። እኛ ዘንድ ውሻ የሚበላው አጓትና የተረፈ እንጀራ ነው፤ ለውሻው ብሎ ዱቄት የሚገዛ ሰው ከየት ይመጣል? ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ አቧራ ለበሰ። እኔን ደግሞ እልህ ያዘኝ። ይህን ገበሬ አሠለጥነዋለሁ አልሁ። አንድ ቡችላ አመጣሁና ከምግቡ ጋር ዱቄቱን እያበላሁ አሳደግሁት፤ ሲጎለምስ ሱቄ በር ላይ አሰርሁት።

ውሻው አማረ፤ ቅቤ የተቀባ ይመስል ነበር። በገበያ ቀን ሰው እየቆመ ያየዋል፣ ምን ቢያበሉት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ እኔም ቆርቆሮውን አንሥቼ አሳያለሁ። የማላሳየው ነገር ቢኖር ከጎረቤቴ ሥጋ ቤት በየቀኑ የማመጣለትን ሳንባና ጅማት ነው። መጀመሪያ ላይ ማታለል አልመሰለኝም። ሁለቱም ጠቅመውት ይሆናል፣ ማን ያውቃል እያልሁ ራሴን አባብል ነበር።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባና ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። ለውሻዬ የቀረለት እንደ እኔው ሽሮ የነካው እንጀራ ብቻ ሆነ። ዱቄቱ ግን አልተቋረጠበትም፤ እንዲያውም መጠኑን ጨመርሁለት። ጾሙ ሳይጋመስ የጎድን አጥንቱ ወጣ፣ ፀጉሩም ደረቀ። ሰው እንዳያይብኝ ከበሩ ፈትቼ ጓሮ አሰርሁት። ፋሲካ ሲሆን ሥጋ ቤቱ ተከፈተ፣ ሳንባውም ተመለሰ፣ ወዙም ቀስ እያለ ተመለሰ። ያን ጊዜ መልሼ በሩ ላይ አሰርሁትና ቆርቆሮውን ማሳየቴን ቀጠልሁ።

እዚህች ላይ ልብ በሉልኝ። ከዚያ ጾም በኋላ «አላውቅም ነበር» የምትለዋ ቃል ለእኔ አትሠራም። ዱቄቱ ለውሻ ይጠቅማል ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ቁርጡን እነግራችኋለሁ። ተመርምሮ አንድ ነገር የጎደለው ውሻ ካለ ይጠቅመው ይሆናል። በቂ ምግብ ለሚያገኝ ጤነኛ ውሻ ትርፍ ነገር ነው። ለተራበው ምግብ አይሆነውም፣ ለታመመውም መድኃኒት አይሆነውም። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ጓሮዬም ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ዱቄቱን አልከስስም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

እትዬ ያልጋነሽ የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ካለ መንደር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ሴት ልጃቸው አንበሳሜ አግብታለች፤ ወንዱ ልጃቸው ሞላ ባሕር ዳር ይሠራል። እሳቸው አንድ ላም ያልባሉ፣ ቅቤያቸውን ገበያ አውጥተው ይሸጣሉ፣ በዚያች ላም ማንንም ሳይለምኑ በገዛ ቤታቸው ያድራሉ። ጥጃዋን ከጅብ የሚጠብቅላቸው አንድ ውሻ ነበራቸው፤ የመጡትም ስለ እሱ ነው።

«ይበላል፣ አይጠግብም» አሉኝ። «ሆዱ እንዲህ ተነፍቶ ጎኑ አጥንት ብቻ ነው። ቂጡን መሬት ለመሬት ሲጎትት ይውላል።»

ከእንስሳት ጤና ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረሰ ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ የሆድ ትል ነው ይላል። እኔም ቃላቸውን ሳይጨርሱ በልቤ ብያለሁ። የትሉ ክኒን ከጀርባዬ ነበር፤ ዘወር ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን እትዬ በሩ ላይ ወደ ታሰረው ውሻዬ እያመለከቱ «የእሱን ስጠኝ፣ እሱ የሚበላውን» አሉኝ። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገበሬዎች ቆመው ይሰማሉ። ይኸው ሠለጠኑልኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ክኒኑን ብሰጥ ኖሮ ዱቄቱ ምንም እንደማይሠራ በሰው ፊት መመስከሬ አልነበረም? ስለዚህ ዘወር አላልሁም። ዱቄቱን ሸጥሁላቸው። እያወቅሁ ሸጥሁላቸው።

ልኩን በቆርቆሮው ክዳን አሳየኋቸው፤ ሳይከመር፣ ሳይጎድል፣ ጧትና ማታ በአጓት። እሳቸውም እንዳልረሳው ብለው መልሰው ነገሩኝ፤ አንዲት ቃል አላጠፉም።

ክረምቱ ሲከብድ ውሻው ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ጅብ በረት ሰብሮ ጥጃዋን በላ። የሚጮህ አልነበረማ! ላሚቱም ጥጃዋን ስታጣ ወተቷን ከለከለች፤ የእኛ አገር ላም ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ አትታለብም። እትዬ ያልጋነሽ ከነጭቃቸው ሱቄ መጡ፣ ቆርቆሮውን አስቀመጡልኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ ምናልባት ሰው እሆን ነበር። ይልቅስ ዝቅ ባለ ድምፅ ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ ጠየቁኝ።

ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ዱቄቱ መጉደል የሚገባውን ያህል ጎድሏል። ሴትዮዋ ልክ እንዳልኋቸው አድርገዋል፤ ከእኔ የተሻለ ጠንቅቀዋል። ይህን አየሁ። አይቼም፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሱቅ ሙሉ ሰው እየሰማ እንዲህ አልሁ፦ «ልኩን ስተዋል እትዬ።»

ይህ ነው የዋጥሁት ግማሽ። ውሻው አይደለም፣ ጥጃዋም አይደለችም። ይህች አንዲት ቃል ናት።

በዚህ ያበቃ መሰላችሁ? ወሬው መንደር ለመንደር ዞረ። ያልጋነሽ አርጅተዋል፣ ዶክተር ራሱ ተናግሯል ተባለ። ሞላ ከባሕር ዳር ሲመጣ ቀጥታ ወደ እኔ ሱቅ ነው የገባው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ነው ያናገረኝ።

«ዶክተር፣ እናቴ እውነት ልክ ስታ ነው? ዕድሜ ነው እንዴ?»

የጠየቀኝ በአንድ ቃል የሚመለስ ነገር ነበር። እኔ ግን ያልተጠየቅሁትን ጨመርሁ። «ዕድሜ ነው ሞላ። ብቻቸውን ባይኖሩ ይሻላል። ዛሬ በውሻ የሳቱ ነገ በእሳት ቢስቱስ?» አልሁት። እሳትን ማን ጠየቀኝ? ከየት አመጣኋት? ስሜን ለማዳን ቸኩዬ ነበር፤ በሴትዮዋ አእምሮ ላይ ቆሜ አዳንሁት። እሱ ደግሞ እናቱን የሚወድ ልጅ ነው፤ በእሳት ሲባል ምን ያድርግ? በሳምንቱ ላሚቱ ተሸጠች፣ ቤቱ ተዘጋ፣ እትዬ ያልጋነሽ አንበሳሜ ሴት ልጃቸው ዘንድ ተወሰዱ። ጎረቤቶቻቸው እንደ ነገሩኝ አላለቀሱም፣ አልተከራከሩምም። የእኔን ቃል አምነው ነበርና በምን ይከራከሩ?

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ባዋቂነት ስም የሰው ውሻ ገደልሁ አልኋቸው። አባ ሰሙኝና «ልጄ፣ ስለ ውሻው ቀኖና አልሰጥህም። የበደልኸው ሰው ካለ ግን እሱን ንገረኝ» አሉኝ። በሩን ወለል አድርገው ከፍተውልኝ ነበር። እኔ ግን የለም አልሁ። በመስቀሉ ፊት የለም አልሁ፣ ተሳልሜም ወጣሁ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ለሥራ አንበሳሜ ሄጄ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ጨው ሊገዙ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተዋል። እኒያ ቅቤያቸውን በእጃቸው መዝነው ሲሸጡ ገዢ የማይከራከራቸው ሴት፣ የነጋዴዋን ጣሳ ለልጅቱ እያሳዩ «ልኩን አንቺ እዪልኝ፣ እኔ እስታለሁ» ይላሉ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። አገላብጠው ሳሙኝ። «አንተ ባትነግረኝ ሰው ሳልጎዳ እቀር ነበር? እግዜር ያክብርህ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልሁ። ምን እላለሁ ብላችሁ ነው? አፌን ሞልቼ አሜን አልሁ።

አሁን አንዳንዳችሁ ልታጽናኑኝ እንደምትሞክሩ አውቃለሁ። ውሻ እኮ ነው ትላላችሁ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርህ፣ ሱቅህንም በእግሩ ማቆም ነበረብህ ትላላችሁ። ውሻው ክኒኑን ቢውጥስ መትረፉን በምን አወቅህ፣ ሴትዮዋስ መጦራቸው መቼ ይቀር ነበር ትላላችሁ። አትድከሙ። እነዚህን ሁሉ ለራሴ ብያቸው ጨርሻለሁ፤ ከእናንተ ይልቅ እኔ አሳምሬ እላቸዋለሁ። ውሻው ባይተርፍ እንኳ እትዬ በገዛ እጃቸው ላይ እምነት አያጡም ነበር። ቢጦሩም ደክሟቸው፣ ራሳቸው ፈቅደው ነበር የሚሄዱት። ያን የነጠቃቸው ትል አይደለም፣ ጅብም አይደለም፤ እኔ ነኝ። የሚያባብለኝ ሰው አልፈልግም። ወዲያ!

ይህን ጽሑፍ ነገ ጧት ለሞላ እልከዋለሁ፤ እናንተ ስታነቡት እሱ ቀድሟችሁ አንብቦታል። ስለዚህ የቀረኝን ለእሱ ልናገር።

ስማኝ ሞላ። እናትህ ልኩን አልሳቱም። እኔም ተሳስቼ አይደለም፤ እያወቅሁ ነው። በእሳት ይስታሉ ያልሁህ ከልቤ ያመነጨሁት ውሸት ነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር ብትለኝም አልወስድልህም፣ የአንተ አይደለምና ልትሰጠኝ አትችልም። አንበሳሜ ውረድ፣ ይህን ቃል በቃል አንብብላቸው፣ ከዚያ ይዘሃቸው ና፤ ቤታቸውን ክፈትላቸው። እኔን መስደብ ከፈለግህ ደግሞ ሱቄን ታውቀዋለህ። በገበያ ቀን ና፣ ሱቁ ሰው ሲሞላ። እትዬንም አስከትላቸው።