ስድሳ ሕፃናት በአንድ የዕድር ክፍል

መርካቶ ውስጥ ከሰባተኛ እስከ አውቶቡስ ተራ እንደኔ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አልተወለደም። የኔን ማመልከቻ ያነበበ ሹም መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ መሐረብ ይፈልጋል፣ ከዚያ ማኅተሙን ራሱ አንስቶ ይመታል። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ ሌላ ምስክር ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። እስካሁን ከጻፍኳቸው የተሳካው አንድ ብቻ ነው። እሱም መብራት ይቀጠልልን ያልኩበት ሲሆን፣ መብራቱ የመጣው ደብዳቤውን ሳላስገባ ነው።

ያም ሆኖ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። እንጀራዬ ሳፋና ባልዲ መሸጥ ነው።

አምና ወረዳው ስብሰባ ጠርቶ፣ ከተማ አስተዳደሩ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የድጋፍ ገንዘብ መመደቡን ነገረን፤ ዕድሮችም ፕሮፖዛል አስገብተው መወዳደር ይችላሉ ተባለ። ሐሳቡን ያመጣችው ከሱቄ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ናት። ያኔ የስምንት ወር ልጇ ቀኑን ሙሉ በባዶ የቲማቲም ሳጥን ውስጥ ይውል ነበር። በዚያ ሳምንት ወደ ኋላ የሚሄድ ሚኒባስ ሳጥኑን ገጭቶት ነበር። ልጁ አልተጎዳም፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ለገዢ የገንዘብ መልስ ስትሰጥ እንኳ ዓይኗ ሳጥኑ ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ የዕድሩን ክፍል የሕፃናት ማቆያ እናድርገው" አለችኝ። "የጎደለን ለሞግዚትና ለፍራሽ የሚሆን ገንዘብ ነው። ብቻ ክረምት ሳይገባ ይድረስልኝ።"

"ለኔ ተዪው" አልኳት። እኔ "ለኔ ተዪው" ያልኩት ነገር መጨረሻው ምን እንደሚሆን ባለቤቴን ጠይቁ።

ፎርሙ የተጠቃሚ ሕፃናትን ብዛት ይጠይቃል። እንደሷ ልጅ ይዘው የሚሸጡት ሴቶች አሥራ አራት ብለውኛል። ግን መርካቶ ውስጥ የመጨረሻውን ዋጋ መጀመሪያ የሚናገር ሰው ይታያችሁ! እኛ አንድ ሳፋ ስንሸጥ እጥፉን እንጠራለን፣ ገዢው ይሳደባል፣ ጥሎን ይሄዳል፣ መልሰን እንጠራዋለን፣ መሀል ላይ እንገናኛለን። መንግሥትም ቢሆን መቁረጡ አይቀርም ብዬ ስድሳ ጻፍኩ። ክፍሉንም "ሰፊና ነፋሻማ" አልኩት።

ከሳምንታት በኋላ ከከተማ አስተዳደሩ አንዲት ወጣት ባለሙያ ሜትር ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች።

"ጋሼ፣ ስድሳው ሕፃን እዚህ ነው የሚገባው?"

"ሕፃን እኮ ትንሽ ነው።"

ገብታ ከዕድሩ ድንኳን ክምር ፊት ያለውን ባዶ ቦታ ለካች። "ይህ ክፍል አሥር ልጅ እንኳ አይችልም። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያስፈልገው ስፋት ፎርሙ ጀርባ ላይ አለ። አላነበቡትም?"

ፎርሙ ጀርባ እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው።

"እሺ፣ ሃምሳ ይሁን" አልኳት።

"ጋሼ!"

"አርባ። ከዚህ በታች ግን አያዋጣኝም።"

"ጋሼ፣ ልጆቹን ልገዛዎት አልመጣሁም እኮ!"

ሽንኩርት ሻጯ ከኋላዬ ሆና "የጎደሉትን እንደ ሳፋው ከቻይና ያስመጧቸዋል" አለች። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷ አልሳቀችም።

ባለሙያዋ ማመልከቻው በዚህ ዙር እንደማያልፍ፣ ቀጣዩ ዙር ከመስከረም በኋላ እንደሆነ፣ ያኔ ትክክለኛውን ቁጥር ከእናቶቹ ፊርማ ጋር እንድናመጣ በትሕትና ነግራን ሄደች። ልጁ ክረምቱን ላስቲክ ተዘርግቶለት እዚያው ሳጥን ውስጥ አሳለፈ። እኔ ለካሳ ከሱቄ ትልቁን ሳፋ ወስጄ ሰጠኋት፤ ከሳጥኑ ይሻለዋል ብዬ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዝናብ ያጠራቅማል" ብላ ሳፋውን መለሰችልኝ።

መስከረም ሲጠባ ሴቶቹ ፎርሙን ራሳቸው ሞሉ፤ ጀርባውንም አነበቡ። የልጆቹን ዕድሜና የእናቶቹን ፊርማ በአንድ ወረቀት ላይ አሰፈሩ። አሥራ አራት። ከኔ የፈለጉት የክፍሉን ቁልፍ ብቻ ነበር፤ ባለሙያዋ ሳትመጣ ሊያጸዱት። በዚያው ቀን አመመኝ። ሕመሙ ሦስት ቀን ቆየብኝ፤ የቱ ጋ እንዳመመኝ ግን ብትጠይቁኝ አላውቅም። በአራተኛው ቀን ሽንኩርት ሻጯ ልጇን አዝላ ሱቄ መጣች።

"ጋሼ፣ ቁልፉ ጠፋብዎ እንዴ?"

ልጁ በትከሻዋ በኩል ያየኛል። አውጥቼ ሰጠኋት።

የዕድሩን ድንኳን እየጎተቱ አወጡት። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ጣሪያ ድረስ የተደረደረ ሳፋና ባልዲ ቆሟል። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ፤ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ተቀባብለው ደጅ ላይ ደረደሩት። ባለሙያዋ መጥታ ባዶውን ክፍል ስትለካ ለአሥራ አራቱ በቃ፣ ድጋፉም ተፈቀደ። ልጁ አሁን ፍራሽ ላይ ይተኛል።

ዕቃው የኔ ነበር። ቁልፉ በእጄ ስለሆነ ሦስት ዓመት ሙሉ የዕድሩን ግማሽ ክፍል በነፃ መጋዘን አድርጌዋለሁ፤ ለዕድሩ ዳኛ እንኳ አልነገርኩም። መጀመሪያ ዙር ላይ ስድሳውን ትቼ አሥራ አራት ብዬ ብጽፍም፣ ልጆቹ በኔ ሳፋ ምክንያት አይገቡም ነበር።