ስለ ሬሳዎቹ የተያዘ አቋም

አባይነህ ከበበ በ1979 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መሰናበት። ከትዳሩ አይደለም፤ ከአፀደ ጋር እንደ ማንኛውም ሰው ተጨቃጭቀው ይኖራሉ። ከነፍሱም አይደለም። ከቀበሌው የውይይት ክበብ ሊቀ መንበርነት ነው። ማመልከቻ ስምንት ጊዜ ጽፏል። ስምንቱም ጊዜ «ጉዳዩ በመጠናት ላይ ነው» የሚል መልስ መጥቶለታል። በዚያ ዘመን «በመጠናት ላይ ነው» ማለት ወረቀቱ የአንድ ሰው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኗል ማለት ነበር።

ወደዚህ ሥልጣን ያወጣው ጥፋት አንድ ነው፤ ሳይንተባተብ ማንበብ ይችላል። ጉርድ ሾላ አካባቢ የአንድ ጣውላ መሸጫ ጸሐፊ ሆኖ በሰላም ሲኖር፣ ቀበሌው በተመሠረተ ሰሞን በተጠራ ስብሰባ ላይ የተላከውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ጠፋ። የመጀመሪያው ሰው «ኢምፔሪያሊዝም» ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁለተኛው ጭራሽ ከመነሻው አልተነሣም። አባይነህ ተነሣና ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች እንደ ዳዊት አንበለበለው። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ምን እንዳለ ግን አንድም ሰው አልገባውም፣ አባይነህን ጨምሮ። ሳይንተባተብ ማንበብ የርዕዮተ ዓለም ብቃት ተባለና በዚያው ተመረጠ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አወያይቷል። ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት በታች ባለው በዚያ ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ያልተወያዩበት ነገር የለም። ስለ ዓለም ሰላም፣ ስለ ሽንት ቤት ቁፋሮ፣ ስለ ሁለቱ ልዕለ ኃያላን፣ ስለ እትዬ በለጡ ዶሮዎች። አካሄዱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ይናገራል፣ ሁለት መቶ ሰው ያንቀላፋል፣ በመጨረሻ ሁሉም እጁን ያወጣል። አባይነህ «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ይጽፋል። አፉ ከብዙ ንባብ የተነሣ የራሱ ቃል አልቆበት ነበር። ሽሮ ሲያንሰው እንኳ «የአቅርቦት ችግር አለ» ነው የሚለው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጨው ነው ያነሰው በለኝ!» ትለዋለች አፀደ።

አሁን አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ዳገት አይችልም፣ ድምፁ ሰልሏል። የሚመኘው መሪ በሚባለው መንደር ባለችው የአባቱ ቁራሽ መሬት ላይ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ማንንም ሳያወያይ ዝም ማለት ነበር። ምኞቱ ይኸው ነው። ትልቅ ምኞት የሌለውን ሰው ማሠቃየት ይቀላል።

መጋቢት ላይ ጓድ ጉደታ ከበላይ ጽሕፈት ቤት መጣ። ጉደታ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አባይነህን አንተ ይለዋል። ጓድነት ማለት ይህ ነው፤ ልጅ አባቱን አንተ የሚልበት የእኩልነት ደረጃ። ክንዱ ሥር ጥቁር የቪዲዮ ካሴት ይዟል።

«ይህን ታያለህ ጓድ አባይነህ? ከኮንትሮባንድ ነጋዴ የተወረሰ ነው። አርባ ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል።»

«አርባ ሚሊዮን! ምን ቢገዙበት ነው?»

«ሬሳ።»

አባይነህ «ሬሳማ እኛ ሰፈር በነፃ…» ሊል ብሎ፣ ምላሱን መልሶ ዋጠው።

«ሬሳ ከመቃብር ተነሥቶ በእግሩ እየሄደ ሰው ሲበላ የሚያሳይ ፊልም ነው» አለ ጉደታ። «የአድኃሪው ባህል መበስበስ በተጨባጭ የሚታይበት ነው። ሕዝቡ ያያል፣ አንተ ትተረጉማለህ፣ በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ ያወግዛል። የውግዘቱን ቃለ ጉባኤ ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ካገኘሁ፣ ያን ማመልከቻህን እፈርምልሃለሁ።»

«መሰናበቻዬን?»

«መሰናበቻህን።»

አባይነህ ያን ዕለት ዳገቱን እንደ ወጣት ወጣው ይባላል። ዘጠነኛውን ማመልከቻ በጥሩ ወረቀት ላይ ገለበጠ። ፊልሙን ግን አስቀድሞ አላየውም። ማየት ለምን ያስፈልጋል? ሳያየው የሚያወግዘው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ስኳር የሚታደለው ከፊልሙ በኋላ እንደሆነ ስለተነገረ፣ ከእንጦጦ አናት እንኳ የወረደ ሰው ነበር። መስኮቶቹ ብርሃን እንዳያስገቡ በአሮጌ የመፈክር ጨርቆች ተሸፈኑ፤ መፈክር አንድ ቀን ጥቅም ሲሰጥ ታየ። ሁለት መቶ ሰው ከአንዲት ቴሌቪዥን ፊት ተኮለኮለ። ሰቦቃ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ፣ ማንም ከፊልሙ መሐል እንዳይሾልክ ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

ፊልሙ በመቃብር ሥፍራ ተጀመረ። መሬቱ ተሰነጠቀ፤ እጆች ወጡ፤ ልብሳቸው የተበጫጨቀ፣ ፊታቸው የገረጣ ሰዎች አንድ በአንድ ተነሡ። ተግተልትለው ኮረብታ ላይ ወዳለ ግቢ አመሩ። የግቢው በር ብረት ነው፤ ውስጡ ወይዛዝርትና ባለከረባት ይጠጣል፣ ይደንሳል። አባይነህ የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛውን ቢያስስ የሚይዘው ቃል አጣ። የተበጫጨቀውን ልብስ አየ፤ የብረቱን በር አየ። አሥራ አንድ ዓመት የሠለጠነ አፉ ያለ እሱ ፈቃድ ተከፈተ፦

«እነዚህ… በብዝበዛ ያለ ዕድሜያቸው የተቀጩ ሠርቶ አደሮች ናቸው። አሁን ተነሥተዋል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ተነሥተዋል» ከተባለ የዚህ ቀበሌ ሕዝብ ማን እንደተነሣ ሳይጠይቅ ያጨበጭባል። የብረቱ በር ሲወድቅ ደግሞ ጭብጨባው ባሰ። ሬሳዎቹ ገቡ። መጀመሪያ ያገኙት ሽርጥ ያገለደመውን ወጥ ቤት ነበር። አንገቱን ይዘው በሉት።

ጭብጨባው ቆመ።

«እንዴ» አለ ከመሐል አንድ ድምፅ፣ «ወዛደሩን በሉት እኮ!»

«እሱ የባለሀብቱ ወኪል ነው» አለ አባይነህ፣ ላቡን እየጠረገ።

ቀጥለው የአውቶብስ ሾፌር በሉ።

«እሱስ ጋሼ?»

«አድር ባይ ነው።»

ቀጥለው አንድ ሕፃን ከአልጋው ሥር ጎትተው አወጡ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አባይነህን አየ። አባይነህ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ የተነበቡት ወረቀቶች ሁሉ በአእምሮው አለፉ፤ አንዱም ስለ ሕፃን አላሰበም ነበር።

«በአፈጻጸም ላይ» አለ በሰለለ ድምፁ፣ «ስህተት ታይቷል።»

መብራት ሲበራ ሰዉ እንደተደበደበ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። አባይነህ ደብተሩን ገልጦ አስተያየት ጠየቀ። እስከዚያ ቀን አስተያየት ሲጠየቅ ሰው ጫማውን ነበር የሚያየው። ያን ቀን ግን፣ ሊቀ መንበሩ መሰናበቻውን ሊወስድ ሲል፣ ሕዝቡ አስተያየት ኖሮት አረፈው።

ቀድመው የተነሡት ከእንጦጦ የወረዱት መምሬ ኃይለጊዮርጊስ ናቸው።

«እኔ ሁለት ነገር አወግዛለሁ» አሉ። «አንደኛ፣ መለከት ሳይነፋ ተነሡ። ይህ አይሆንም፣ ሥርዓት አለው። ሁለተኛ፣ ልጄ፣ ሁዳዴ ነው! እናንተ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥሬ ሥጋ አሳያችሁን። ጾሜን ያፈረሰው ማን ነው? አንተ ነህ ወይስ እነሱ?»

«ማየት አያፈርስም አባ!» አለ ዋቅጅራ። ዋቅጅራ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅ ጎረምሳ ነው፤ አራት ዓመት ጠብቋል። «እኔ ለምን እንደማወግዝ አልገባኝም። እንዴት ያለ ፊልም ነው! ያ አገጩ የወለቀው ሲዞር አላያችሁም? ቀለም እኮ ነው፤ ግን ምን የመሰለ ቀለም! እርግጥ ከመሐሉ ላይ ተንዛዝቷል። ያን ሁሉ ሚሊዮን ለደም አውጥተው ለታሪኩ አምስት ሣንቲም አልተረፋቸውም።»

«ዝም በል፣ አንተ ሥራ ፈት!»

«ሥራ ፈትቼማ ነው በደንብ ያየሁት!»

እትዬ በለጡ ቆሙ። እትዬ በለጡ ሠላሳ ዓመት ከእንጦጦ እንጨት በጀርባቸው ያወረዱ ሴት ናቸው፤ ሲቆሙም ከተቀመጡበት ብዙ ከፍ አይሉም።

«እኔ ሬሳዎቹን አላወግዝም» አሉ። «አንደኛ ነገር አባይነህ ራሱ ሠርቶ አደር ናቸው ብሎናል። ደግሞ አካሄዳቸውን አይቼዋለሁ። እኛ በቁልቁለቱ ስንወርድ እንደዚያው ነን፤ እጃችን እንደዚያ ተንጠልጥሎ፣ ዓይናችን እንደዚያ ፈጦ። ልዩነቱ እነሱ ጀርባቸው ላይ ምንም የለም። ታድለዋል።»

«ሕፃን የበሉትንም ይደግፋሉ?» አላቸው አንዱ።

«ርቧቸው ይሆናላ! ስንት ዓመት መሬት ውስጥ ኖረው!»

ነገሩ ተደበላለቀ። ሬሳውን ማውገዝ ሠርቶ አደሩን ማውገዝ ነው የሚሉ በአንድ ወገን፣ አለማውገዝ ሕፃን በላን መደገፍ ነው የሚሉ በሌላ ወገን ተሰለፉ። ፊልሙ ጥሩ ነው ግን ትርጉሙ ተበላሽቷል የሚል ሦስተኛ መስመር ብቅ አለ። ስኳሩ መቼ ነው የሚል አራተኛ መስመር ደግሞ ነበረ፤ እውነቱን ለመናገር ሰፊ ድጋፍ ያለው እሱ ነው። አባይነህ «የሚያወግዝ እጁን ያውጣ» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ሦስቱንም ጊዜ የወጣው እጅ ከግማሽ አላለፈም፤ እንዲያውም በየጊዜው የተለያየ ሰው ነበር የሚያወጣው። መሰናበቻው ዓይኑ እያየ ከእጁ ሲያመልጥ፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት እጅ ወጣች። የእትዬ አሳየች ነበረች።

እትዬ አሳየች በአሥር ዓመት ውስጥ በዚያ አዳራሽ አንድም ቃል ተናግረው አያውቁም። ወንድ ልጃቸው መሠረት በ1970 ዓ.ም. አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። አስከሬንም፣ መቃብርም፣ «ሞቷል» የሚልም አልነበረም። ይህን በቀበሌው የማያውቅ የለም፤ የሚያነሣውም የለም። እሳቸውም ከል ሲለብሱ የጠየቃቸው የለም።

«እነዚያ የተነሡት» አሉ ቀስ ብለው፣ «የለበሱት በተቀበሩበት ቀን የነበረውን ልብስ ነው?»

«እትዬ አሳየች» አለ አባይነህ፣ «ይህ እኮ ፊልም ነው።»

«ፊልም መሆኑን አውቃለሁ። አላበድኩም። ከመሬት የሚወጡበት ላይ ሰው ከለለኝ፤ ፊታቸውን አላየሁም። ደግማችሁ አሳዩን። ሰው በደንብ ሳያይ ምኑን ነው የሚያወግዘው?»

ከዚያ ዋቅጅራ «እውነታቸውን ነው፣ ይደገም» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ። እትዬ በለጡ እጃቸውን አወጡ። መምሬ «ከፋሲካ በኋላ ከሆነ» ብለው አወጡ። ሰቦቃ ጠመንጃውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ አወጣ። ሁሉም አወጣ። አባይነህ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ሲጽፍ ያልዋሸበት ቀን ያ ብቻ ነበር።

ቤቱ ሄዶ ቃለ ጉባኤውን ሲገለብጥ፣ «ይደገም» የሚለውን ፍቆ «ተወግዟል» ማለት እንደሚችል አፀደ ነገረችው። ሴትየዋ ሞኝ አይደለችም።

«አንድ ቃል ነው» አለችው። «ስንቱን ቃል ስትቀይር ኖረሃል። ቀይረውና መሪ እንሂድ።»

ብዕሩን አንሥቶ ብዙ ቆየ። የአሳየች እጅ እንደወጣች ነበረች ዓይኑ ላይ።

«ደክሞኛል» አላት። «ለመዋሸትም እኮ ጉልበት ይፈልጋል።»

ደግሞ አንድ ተስፋ አደረገ። ጉደታ ቃለ ጉባኤ ሲያነብ የሚፈልገው «በሙሉ ድምፅ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ እሷን ካገኘ ይፈርማል።

ሰኞ ጉደታ ወረቀቱን ተቀበለ። በጣቱ እየተከተለ ወርዶ «በሙሉ ድምፅ» ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። ከዚያ፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ የቀረውንም አነበበ።

«ሕዝቡ በራሱ ተነሣሽነት ተጨማሪ ስብሰባ ጠየቀ?»

«ፊልሙን… ደግመው ለማየት ነው ጓድ።»

«ደግሞ ለመገምገም!» ጉደታ ብድግ አለ። «ጓድ አባይነህ፣ በየቀበሌው ሕዝብ ወደ ስብሰባ የሚመጣው በጥበቃ ተነድቶ ነው። አንተ ጋ በሙሉ ድምፅ ይደገም ይላል! እና እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚሰናበተው? እኔ አብጃለሁ?»

ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ፣ በጥሩ ወረቀት የተገለበጠው ማመልከቻ ላይ በሰያፍ ጻፈ፦ «ጓዱ በያዘው ኃላፊነት ተጠናክሮ ይቀጥል።» ቃሉን ጠብቆም ፈረመ።

አፀደ «ፈረመልህ?» ስትለው «ፈርሟል» ብሎ ወረቀቱን ሰጣት። አነበበችው። እግሩን የሚታጠብበት ውኃ አሞቀችለት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ አዳራሹ ያለ ስኳር ሞላ። አባይነህ ከቴሌቪዥኑ ፊት አንድ ወንበር አስቀምጦ እትዬ አሳየችን አስቀመጠ። እሱ ቪዲዮው አጠገብ በዚያ ጉልበቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የሚያነበው ወረቀት አልያዘም፤ አልተረጎመም።

መሬቱ ተሰነጠቀ። እጆቹ ወጡ። ሬሳዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው በእትዬ አሳየች ፊት አለፉ። እሳቸውም ወደ ፊት አጎንብሰው እያንዳንዱን ፊት ተመለከቱ። የመጨረሻው ሲያልፍ ቀና አሉ።

«መልሰው እስቲ» አሉ።

አባይነህ መለሰው። ሁለት መቶ ሰው ጠበቀ።

«ያን ጥጉ ላይ ያለውን፣ ቁመቱ ረዘም ያለውን» አሉ። «አንድ ጊዜ መልስልኝ አባይነህ።»

«እሺ እትዬ» አለና እንደገና መለሰው።