ከአስፋልቱ ወዲህ

ሰሞኑን ከቤታችን ፊት ለፊት የተቦረቦረውን አስፋልት ሲጠግኑ ሰነበቱ። ሬንጁን በበርሜል አፍልተው ሲያፈሱት ሽታው በመስኮት ገብቶ መጋረጃው ላይ፣ ትራሱ ላይ ሳይቀር ያርፋል። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ "እማ፣ ዝጊው እንጂ" ትለኛለች። እኔ ግን መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ሽታው ወደ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ መንገድ መሻገር አቅቶኝ ቤቴ ወደተቀመጥኩበት ጊዜ ይዞኝ ሄደ።

አዎ፣ መንገድ መሻገር። ሌላ አልነበረም።

ያደግኩት ዲላ፣ ከዋናው አውራ ጎዳና ዳር ነው። ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት አባቴ መንገዱ ጠርዝ ላይ አቁሞኝ፣ ራሴን በሁለት መዳፉ ይዞ ወደ ግራ አዞረኝ። "መጀመሪያ በግራሽ፣ ከዚያ በቀኝሽ።" መዳፉ ሻካራና ሙቅ ነበር። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል አላሳለፍኩትም፤ አባቴም ብዙ አልቆየልኝም። አንገቴ ግን ያስተማረውን አልረሳም። መንገድ ዳር ስቆም ሳላዘው ወደ ግራ ይዞራል።

አግብቼ ድንበሩን አልፌ ኬንያዋ ሞያሌ ስገባ፣ እዚህ መኪና በሌላው ወገን እንደሚነዳ ሰው ነግሮኛል። ግን ያኔ መንገዱ አፈር ነበር። የከብት መኪኖቹ ጉድጓድ እየሸሹ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እየተንገዳገዱ ያልፋሉ። አቧራቸው ከሩቅ ስለሚታይ መሃል መንገድ የተኛች ፍየል እንኳን ተነሥታ፣ ተንጠራርታ ለመውጣት ጊዜ ነበራት። በግራ መጡ በቀኝ ለውጥ አልነበረውም።

ከዚያ አስፋልቱ ገባ። ከተማው ሁሉ ደስ አለው። ልጆች በባዶ እግራቸው እየረገጡ ሙቀቱን ይሞክሩ ነበር። መኪኖቹ ግን ያለ አቧራ፣ እንደ ጥይት የሚመጡ ሆኑ።

በሳምንቱ ይመስለኛል፣ የአራት ዓመት ልጄን እጇን ይዤ ቲማቲም ልገዛ ወጣሁ። ግራዬን አየሁ፤ ባዶ ነው። እግሬን አነሣሁ። ነጠላዬ ከኋላ ተጎትቶ ሲያንቀኝና አንድ ፒክአፕ ከቀኜ ክላክሱን እያስጮኸ አፍንጫዬ ስር ሲያልፍ አንድ ሆነ። የልጄ አንድ እግር ጫማ መሃል መንገድ ላይ ቀረ።

ነጠላዬን የጎተተችው ጎረቤቴ፣ የግመል ወተት የምትሸጠው የቦረና ሴት ነበረች። እንደ ሰፈሩ ሰው "አዮ" እላታለሁ፤ እናቴ እንደማለት። እሷ ደግሞ "ኢንታላ" ትለኛለች፤ ልጅቱ ማለቷ ነው።

"ኢንታላ! ሞት ከዚህ ይመጣል፣ አንቺ ወዲያ ታያለሽ?" ብላ ጮኸችብኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አልተሻገርኩም።

መጀመሪያ ላይ ለማንም አልታወቀም። ሽንኩርትና ዘይት በኛ ወገን ካለች አንዲት ኪዮስክ እገዛለሁ፤ ቲማቲም የሚያዞር ሲያልፍ እጠራለሁ። ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያው በኩል ስለነበር፣ በዚሁ በኛ ጥግ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ እስከ ድንበሩ እሄዳለሁ። ቀስ በቀስ ዓለሜ ከቤቴ እስከ ኪዮስኳ፣ ከኪዮስኳ እስከ ኬላው ሆነ። ማዶ ያሉትን ሱቆች ስማቸውን በሩቁ አነባለሁ፤ የማዶ ሰዎች ሲስቁ ይሰማኛል። አሥራ አምስት እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነበር።

ግን የልጄ ናርሰሪ ከማዶ ነበር። ዩኒፎርሟ፣ ሰማያዊ ዳማ ቀሚስ፣ ተገዝቶ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቴ ድንበሩን አልፎ ጋራዥ ስለሚሠራ ከንጋት በፊት ይወጣል። አዮ "ስጪኝ፣ ወተቴን ስወስድ አደርሳታለሁ" አለችኝ። እንቢ አልኩ። የቦዳ ቦዳ ነጂ ላናግርልሽ ያለኝም ነበር። በአንድ ሞተር አራት ልጅ ሲጭኑ እያየሁ? የልጄን እጅ ለማንም አልሰጥም። እኔም አላሻግራትም። ስለዚህ ዋሸሁ። "ደረቷን ያማታል" አልኩ። ለባለቤቴም፣ ለጎረቤትም፣ ለንስሐ አባቴም ጭምር።

ልጄ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ የተደፋ ጄሪካን ላይ ተቀምጣ ዩኒፎርም የለበሱትን ልጆች ታያለች። መኪኖቹን በስዋሂሊ ትቆጥራለች፤ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ። ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ከበር እንዳትወጣ ስለነገርኳት አንድ ቀንም አልወጣችም። በጣም ታዛዥ ልጅ ነበረች። አሁን ሳስበው የሚያመኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን አስተማሪዋ ራሷ ቤታችን መጣች። ወጣት ነች፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ያደረገች። "ማማ ቶቶ፣ ስሟ ተመዝግቧል፤ ልጅቷ የት ቀረች?" አለችኝ በስዋሂሊ፤ ማማ ቶቶ የልጅ እናት እንደማለት ነው። አፌን ሳልከፍት፣ ልጄ ከጄሪካኑ ተነሥታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና ሳለች። ሁለት ጊዜ፣ እንደ ሽማግሌ። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ "ጎበዝ ነኝ?" የምትል ይመስላል።

አስተማሪዋ "ፖሌ"፣ አይዞሽ እንደማለት፣ ብላ ፀጉሯን ዳብሳ ሄደች። እኔ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አዮ በአጥሩ በኩል ሁሉንም ሰምታለች። ወተት መለኪያዋን እያጠበች፣ ሳታየኝ፣ "ልጅቷ ደህና ናት" አለች። "በሽታው አንገትሽ ላይ ነው።"

"ምን ላድርግ አዮ? በራሱ ይዞራል።"

"የኔም ጥጃ ወደለመደው የውሃ ጉድጓድ ነበር የሚዞረው። ታዲያ እየጎተትን አዲሱን አስለመድነው። አንቺ ከጥጃ ትብሻለሽ?"

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ዳር አቆመችኝ። "ዛሬ መሻገር የለም። ቀኝሽን ብቻ እያየሽ የሚመጣውን ጥሪልኝ።" ጠራሁ። አይሱዙ። ሞተር። አህያ። ፒክአፕ። አንገቴ ወደ ግራ ባመለጠ ቁጥር በጣቷ ትከሻዬን ትወጋኛለች። "ቀኝ! ኢንታላ፣ ቀኝ!" የቦዳ ቦዳ ነጂዎቹ ሞተራቸው ላይ ተጋድመው ይስቃሉ። "ማማ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ? ዩኒፎርሙ መቼ ይመጣል?" አዮ ደግሞ "አንተን ነው መጀመሪያ የምታስርህ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ!" ትላቸዋለች። እኔ አልሳቅኩም። ወደ ቀኝ ባየሁ ቁጥር አባቴን ከራሴ ላይ እጁን እንዲያነሣ የምገፋው ይመስለኝ ነበር። ይህን ለአዮ አልነገርኳትም።

ዘጠኝ ቀን እንዲሁ ቆምኩ። በአሥረኛው ዩኒፎርሙን ከሚስማሩ አወረድኩት። ሲገዛ ሰፍቷት ነበር፤ ሳለብሳት ልክ ሆኗል።

የልጄን እጅ ጨብጬ ቀኜን አየሁ። ደግሜ አየሁ። ስንት መኪና እንዳሳለፍኩ አላውቅም። በመጨረሻ አዮ ከኋላዬ "ሂጂ!" አለች፤ ሄድኩ። ከሥሬ አስፋልቱ ይሞቃል። መሃል ላይ ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ። ማዶ ስደርስ ልጄ "እማ፣ እጄን አሳመምሽኝ" ስትል ነው መድረሴን ያወቅኩት።

ናርሰሪው በር ላይ አስረከብኳት። ከዚያ ዞርኩና መንገዱን አየሁት። መመለስ እንዳለብኝ አላሰብኩበትም ነበር፤ ያውም የምጨብጠው እጅ ሳይኖር። አጥሩ ስር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅኳትና አብረን ተሻገርን። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም።

በአራተኛው ቀን በሩ ላይ ስንደርስ እጄን ለቀቀች። "እማ፣ ቤት ሂጂ" አለች ቀስ ብላ፣ ልጆቹ እንዳይሰሟት። "እናትሽ ለምን ክፍል አትገባም እያሉ ይስቁብኛል።"

"እሺ" አልኩ። 

ብቻዬን መንገዱ ዳር ቆምኩ። ቀኜን አየሁ፣ ተሻገርኩ። በኛ ወገን ደርሼ ስዞር በሩ ተዘግቶ ከውስጥ የልጆች መዝሙር ይሰማ ነበር። እስክሻገር ልጄ በሩ ላይ ቆማ አይታኝ እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኳትም።