ምግብ ቤት ውስጥ የተነጠፈው ምንጣፍ

በነጋዴ ዓይን ካየሁት፣ በእኛ ብሎክ ላይ ከተሠራ ሥራ ሁሉ ኪሳራው ግልጽ የነበረው እትዬ ምግብ ቤታቸው ጥግ ላይ ያነጠፉት ምንጣፍ ነው። እኔ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሱቅ አለኝ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጤፍ፣ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። የእትዬ ምግብ ቤት ከሱቄ ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ ነው። ሰው ቀይ ወጥ በእጁ በሚበላበት ቤት ነጣ ያለ ምንጣፍ ማንጠፍ ምን የሚሉት ንግድ እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

«እትዬ፣ ይሄን የሸጠልዎት ሰውዬ ስልኩ አለዎት?» አልኳቸው። «እኔም አልሸጥ ያለኝ ዕቃ ስላለ ላማክረው ነው።»

«ምን ሆነ ምንጣፉ?»

«ወጥ ይፈስበታላ።»

«የኔ ወጥ አይፈስም» አሉና ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

መርካቶ ያደገ ሰው ፊደል ሳይቆጥር የሰው ፊት ማንበብ ይማራል። እኔም ገዢ በሩን ሳያልፍ ኪሱንም ልቡንም አውቃለሁ ባይ ነኝ። ያንን ምንጣፍ ግን ማንበብ አቃተኝ።

ጊዜው ለቀልድም የሚመች አልነበረም። የጥገኝነት ጥያቄዬ ውድቅ ሆኖ ኬዙ ኮርት ገብቷል። የሚስቴም ፋይል ከእኔው ጋር ተያይዟል። ዳኛው እምቢ ካለ ሁለታችንም ሂዱ ልንባል ነው፤ ልጃችን ደግሞ እዚሁ ሎስ አንጀለስ የተወለደች አሜሪካዊት ናት።

ሎየራችን፣ ጠበቃችን ማለቴ ነው፣ እዚህ የተወለደች የሀበሻ ልጅ ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ አንቱ የሚባለው ብቻ ሳይደርሳት ቀርቷል። ጋሼ ትለኝና አንተ ትለኛለች።

«ጋሼ፣ የቀረህ አንድ በር ነው» አለችኝ።

በሩ ይህ ነው። እዚህ አገር አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ፣ ጠባዩም የማያስነቅፍ ሰው፣ እሱ ቢባረር ዜጋ የሆነ ልጁ የባሰ መከራ ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ ዳኛው አዝኖ የመኖሪያ ፈቃድ ሊሰጠው ይችላል። ዓመቱን ሞልቻለሁ። ጠባዬንም ቢመረምሩት የሚያገኙት ሱቄ በር ላይ ፓርክ ሳደርግ የተቀጣሁትን ቲኬት ነው። ችግሩ ያለው መከራው ላይ ነው።

«አባቷ ሲሄድ የምታለቅስ ልጅ ኖርማል ናት» አለች ሎየሯ። «ዳኛው ኖርማል ሀዘን አይቀበልም። ሶ፣ ከኖርማል በላይ መሆን አለበት።»

ሀዘንም እንደ ቡና በደረጃ እንደሚመደብ ያን ቀን አወቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃዬን ሳወድስ የኖርኩ ሰው፣ አሁን የቤቴን ጉድለት አውጥቼ፣ አራግፌ፣ ይኸውና እዩልኝ ማለት ሊኖርብኝ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሚስቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ምን ልናገር እንደሆነ ገብቷታል። ልጃችን የሚጥል በሽታ አለባት።

ይህን ዛሬ መጻፍ አይከብደኝም። ያኔ ግን ቤታችን ውስጥ እንኳ በስሙ አንጠራውም ነበር፤ «ያ ነገር» ነበር የምንለው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ሲነግረን መድኃኒት ያለው እንደማንኛውም ሕመም መስሎን ነበር፤ በአማርኛ ስናስበው ነው የከበደን። አንዱ ክብሪት ጭሮ ላሽትታት ይላል። ሌላው ጋኔን ነው ይላል። ሚስቴ ደግሞ ቸርች ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት ልጸልይላት ብሎ የሚነሳ ሰው እንዳይመጣ ትፈራ ነበር። ነገ ማን ያገባታል የሚልም አይጠፋም። ስለዚህ ደበቅን። ሐኪሙ ያውቃል፣ ትምህርት ቤቱ ያውቃል፣ ሀበሻ አያውቅም።

ሚስቴ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የምትገባው አመሻሽ ላይ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እትዬ ጋ ጥጓን ይዛ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ከእኔ የጤፍ ከረጢት የእሳቸው ጠረጴዛ ይሻላታል። ያ ነገር ሲመጣባት እትዬ በዘነዘና ግድግዳውን ይመታሉ። ሮጬ እሄዳለሁ።

«ልጅህ እንቅልፍ ወስዷት ነው» ይሉኛል።

«ትምህርቱ አድክሟት ነው» እላለሁ።

«ልጅ ይደክመዋል» ይላሉ። አቅፌ ወደ ሱቄ ጓዳ እወስዳታለሁ። እርሳስ እንደጨበጠች ወለል ላይ የምትተኛ ልጅ የት አገር እንዳለች እሳቸውም አይጠይቁኝ፣ እኔም አልነግራቸው። ጎበዝ ደባቂ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ሎየሯ ይህን ሁሉ ሰምታ «ከቤተሰብ፣ ከሐኪሙና ከትምህርት ቤቱ ውጪ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

«ማንም» አልኳት፤ ኩራትም ሳይኖርበት አልቀረም።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ነው ችግሩ። የሐኪም ወረቀት አለን፣ ኦኬ። ግን ዳኛው በየቀኑ ያየ ሰው ይፈልጋል። አንተ ከሌለህ ምን እንደምትሆን የሚናገር ዊትነስ፣ ምስክር አምጣልኝ።»

ከሎየሯ ቢሮ ከሚስቴ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። መኪናውን ሳቆም ነው «እትዬ ይሻላሉ» ያለችው። «ሌላ ሰው ጆሮ እንዳይገባ ብቻ።»

በማግስቱ የምሳ ሰው ወጥቶ የእራቱ ሳይገባ ሄድኩ። እትዬ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ኪራይ ጨመሩብህ?»

«አይ፣ እሱ አይደለም።»

«ሱቁን ልትሸጠው ነው? ለዚያ ለሺሻው ሰውዬ ብቻ እንዳትሸጠው፤ ጭሱ ይገባብኛል።»

«የልጅቷ ነገር ነው። አልፎ አልፎ… እንዲያው አንዳንዴ…»

«እ» አሉ። ሽንኩርቱን መክተፍ አላቆሙም። ስንት ሰው አነጋግሬ ስንት ዕቃ የሸጥኩበት ምላሴ ተሳሰረ።

«የሚጥል ነገር አለባት» አልኩኝ በመጨረሻ።

«አንተ ሞኝ» አሉ። «ታዲያ ምንጣፉን ለምን ያነጠፍኩት ይመስልሃል? ለጌጥ?»

ቢላዋቸውን አስቀምጠው ነገሩኝ። እሳቸው ቤት መጀመሪያ ጊዜ የመጣባት እኔ ዌስትቼስተር ካለው ኤርፖርት ዕቃ ላወጣ የሄድኩ ዕለት ነው። ሴራሚኩ ላይ ስትወድቅ ጭንቅላቷ የሰጠውን ድምፅ እስከ ዛሬ እንደማይረሱት ነገሩኝ። በነጠላቸው ደግፈው እስክትነቃ አብረዋት ተቀመጡ። እኔ ስመለስ ግንባሯ ላይ ያለውን እብጠት አይቼ ምን ሆነች ብላቸው «ስትሮጥ ነው» ብለውኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ምሳ የምትበላ አንዲት ነርስ ደንበኛቸውን ምን ማድረግ እንደሚገባ ጠየቋት፤ ቀጥለው ምንጣፉን ገዙ።

«አስተናጋጇም ታውቃለች» አሉኝ። «በጎን አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም እንዳታስገቡ፣ ክብሪት የሚያወጣ ሰው ካለ ከነክብሪቱ አስወጡት ብያለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንተስ ምነው ሳትነግረኝ? ደበቅህ፤ ደበቅንልህ።»

ወደ ሱቄ ተመልሼ የጤፍ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ደንበኛ ሽሮ ፈልጎ ገባ። ዝግ ነው አልኩት፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። አይቶኝ ወጣ።

የኮርቱ ቀን እትዬን ከቤታቸው ወስጄ ዳውንታውን ድራይቭ አደረግሁ። ነጭ ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን ለቤተ ክርስቲያን እንደሚያደርጉት አድርገውታል። ኮሪደሩ ላይ ሎየሯ አጠገባቸው ቁጭ አለችና «እትዬ፣ አንቺ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፣ ኦኬ?» አለቻቸው።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ልጅ ማንን ነው አንቺ የምትለው?»

«እዚህ ተወልዳ ነው፣ እትዬ።»

«ያስታውቃል።»

ገባን። አስተርጓሚ አለ፣ የመንግሥት ጠበቃ አለ፣ ዳኛው ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። እትዬ ምለው ቦታቸውን ያዙ። የሎየሯ የመጀመሪያ ጥያቄ ቀላሉ ነበር፤ የልጅቷ ጤና እንዴት ነው?

«ደህና ናት፣ ተመስገን» አሉ እትዬ። «ምንም አትል።»

አስተርጓሚው ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመው። አቀርቅሮ የነበረው የመንግሥት ጠበቃ ቀና ብሎ መጻፍ ጀመረ። የሎየሯ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። ሚስቴ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። በእትዬ አልፈረድኩም። ልጅህ እንዴት ናት ተብሎ ተመስገን ከማለት በፊት ሌላ ነገር የሚቀድመው ሀበሻ አላውቅም። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ያቆየሁት ቤት በአንዲት ተመስገን ሲናድ ታየኝ።

ዳኛው ራሳቸው ወደ እትዬ ጎንበስ አሉ። «ደህና ከሆነች ታዲያ እርስዎ ለምን መጡ?»

እትዬ ትንሽ አሰቡ። «ጌታዬ፣ የልጅ ሕመም በአደባባይ አይጠራም ብዬ ነው። እኛ ዘንድ ሲጠየቁ ደህና ናት ይባላል። ካዘዙኝ እናገራለሁ።»

«ይናገሩ።»

ተናገሩ። ያ ነገር ሲመጣባት መጻፏን ትታ ግድግዳ ላይ እንደምታፈጥ፣ እርሳሷ ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ እንደሚሄድ፣ ያኔ ሳትወድቅባቸው እንደሚይዟት። ስለ ምንጣፉ ተናገሩ። በነቃች ጊዜ የት እንዳለች እንደማታውቅ፣ እሳቸውን እንኳ እንደምትፈራቸው ተናገሩ።

«የምይዛት እኔ ነኝ፣ የምትፈልገው ግን እሱን ነው» አሉና በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ግድግዳውን ስመታ እሱ ይመጣል። ድምፁን ስትሰማ ትረጋጋለች። አሁን እሱን ከላካችሁት፣ እኔ ግድግዳውን ብመታ ማን ነው የሚመጣው?»

አስተርጓሚው የመጨረሻዋንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎማት። የመንግሥት ጠበቃው ለእትዬ ጥያቄ እንዳለው ተጠየቀ። የለኝም አለ። እኔ አልቅሼ አላውቅም ብዬ አልዋሽም፤ በሰው ፊት ግን እስከዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ዳኛው ጥያቄያችንን እንደተቀበሉት ነገሩን። በየዓመቱ የሚፈቀደው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ወረፋ መጠበቅ ነበረብን፤ ጠበቅን። ተርፎ መጠበቅ ጠብቆ እንደመትረፍ አይደለም፤ እንቅልፍ ይሰጣል። ኮሪደሩ ላይ ሎየሯ እትዬን እቅፍ አድርጋ «እርስዎ» አለቻቸው፤ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። እትዬም ግንባሯን ሳሟት።

የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ በፖስታ የመጣ ቀን ሁላችንም እትዬ ጋ፣ ያችው ጥግ ላይ ተቀመጥን። ሚስቴ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቀርታለች። እኔ በደስታ እጄን ሳወናጭፍ የዶሮ ወጡን ሳህን ምንጣፉ ላይ ደፋሁት። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«የኔ ወጥ አይፈስም ብለውኝ ነበር» አልኳቸው።

«አልፈሰሰም። አንተ ነህ የደፋኸው።»

አዲስ ልግዛልዎት ብላቸው እምቢ አሉ። ልጅቷ ይሄንን ለምዳዋለች አሉ። ቀዩ ምልክት እስከ ዛሬ አለ። በቀደም አንድ አዲስ መጪ ምሳ ሲበላ ወለሉን አይቶ «ምግብ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ያነጠፈው ማነው፣ ቢዝነስ የማያውቅ?» አለኝ። ዝም ብለህ ብላ አልኩት።

የልጄ መድኃኒት ተቀይሮ ያ ነገር አሁን አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፤ በስሙም እንጠራዋለን። እትዬ ግን ዘነዘናውን አልተዉም። ግድግዳው በተመታ ቁጥር የገዢ ሒሳብ ጥዬ እሮጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልጄ የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ እትዬ እንጀራ ዘርግተው አገኛቸዋለሁ።

«ምን ያስሮጥሃል» ይሉኛል። «ና ብላ ለማለት ነው።»