ጠዋት የተወጠረው ባነር

"መርፌ" የሚል ስም ያወጡላት ልብስ ሰፊ ሳለች ነው። ስፌቱን ትታ ከታላቅ ወንድሟ ጋር በየሕንፃው ላይ ትልልቅ ባነር መስቀል ከጀመረች አራት ዓመት ቢሆናትም ስሙ አልለቀቃትም። ደግሞስ ለምን ይልቀቃት? ያልገባትን ነገር ሳትጎረጉር የምታድር ሴት አይደለችም!

ባለፈው ወር ማለዳ በብርድ እንደ ከበሮ ወጥረው የሰቀሉት ባነር እኩለ ቀን ላይ ረግቦ ሆዱ ተንዘረጠጠ። ደንበኛው ጮኸ። ወንድሟም ንዴቱን እሷ ላይ ተወጣው። "ገመዱን ያሰርሽው አንቺ ነሽ። ሁለተኛ አንዲት እጥፋት ባይ ወደ ስፌት መኪናሽ ትመለሻለሽ!" አላት።

አንጀቷ አረረ። መሰላሉን፣ ከፍታውን ትወደዋለቻ! እንቅልፍ የነሳት ግን ንዴቱ ሳይሆን ጥያቄው ነበር፦ ያ ሁሉ ውጥረት የት ገባ? ከባነር የተረፈች ረጅም ቁራጭ በረንዳዋ ላይ አንጠልጥላ ለሦስት ቀን ጠዋትና ቀትር ለካቻት። ባሏ "ዛሬስ ትኩሳቷ እንዴት ዋለ?" እያለ ሲያሾፍባት ሰነበተ። ትኩሳትማ ነበራት! ፀሐይ ሲበረታ ቁራጯ በአንድ ጣት ትረዝማለች።

ዛሬ ተራው የአንድ ትልቅ መደብር ግድግዳ ነበር፤ ባለቤቱ ስድስት ሰዓት ላይ መጥቶ ሊያይ ቀጥሯቸዋል። መርፌ ባነሩን ግቢው ውስጥ ዘርግታ ፀሐይ አስመታችውና አጠገቡ ቁጭ አለች።

"ምን እየጠበቅሽ ነው?" አለ ወንድሟ ሰዓቱን እያየ።

"እስኪሞቅ ነው፣ ጋሼ።"

"ዳቦ ነው እንዴ? ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?"

"ከረገበ ዛሬውኑ የስፌት መኪናዬን አቧራ አራግፋለሁ።"



መሰላሉ ላይ የወጡት ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ማታ ሲኮማተር እንዳይቀደድ ብላ ላስቲክ ያለው ገመድ ይዛለች። ከላይ መሃሉን አስይዛ ወደ ጥጎቹ፣ ከዚያም ወደ ታች፣ በጠርዙ ባሉት ቀዳዳዎች ገመዱን እየሳበች አሰረች። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ስትቋጥር ባለቤቱ ደረሰ። ሽቅብ አየ፣ ፈንጠር ብሎም አየ፣ "ጥሩ ነው" ብሎ ወደ ሥራው ገባ።

ወንድሟ ግን በዚህ አላመነም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከወዲያ ወዲህ እያለ እጥፋት ሲፈልግ ዋለና አጣ። መሰላሉን አጣጥፈው ሲጨርሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ባልሽ የሚያሾፍባት ቁራጭ እስካሁን አለች?"

"አለች። ምነው?"

"እስቲ ለሦስት ቀን አውሺኝ። እኔም በረንዳ አለኝ።"